የአባታችንን ቤት ካርታ በስማችን ለማዞር ማዘጋጃ ቤት ስመላለስ የገባኝ

ወላጅ ሞቶባችሁ፣ ቤቱ በክፍለ ሀገር ትንሽ ከተማ ሆኖ፣ ካርታው ዛሬም በሟች ስም ከሆነ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። የኛ ቤት ነባር ይዞታ ነው፣ ማለትም ከተማው ወደ ሊዝ ሥርዓት ከመግባቱ በፊት የተያዘ፤ አባታችን በደርግ ጊዜ ቦታ ተመርቶ የሠራው። እናታችን አለች፤ ልጆች አራት ነን፤ አንዱ ወንድማችን ውጭ አገር ነው። ጸብ የለም፣ ኑዛዜ የለም፣ ዕዳ የለም። ስለዚህ በወር በሁለት ወር የሚያልቅ መስሎን ነበር። አንድ ክረምት አልፎ ሌላው ሲመጣ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበርን።

ከተማውን አልጠራም፤ የትኛውም ትንሽ ከተማ ቢሆን ነገሩ ብዙም አይለይም። ጊዜያችንን የበላው የሠራተኞቹ ክፋት አይደለም። የትኛው ክፍል ምን እንደሚሠራ፣ ከየትኛው በፊት የትኛው እንደሚቀድም የሚነግረን ሰው አለማግኘታችን ነው።

የመጀመሪያው ወረቀት የሞት ምስክር ወረቀት ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። እኛ ዘንድ ደግሞ አርባው ሳይወጣ ስለ ወረቀት ያነሳ ልጅ «አፈሩ እንኳን ሳይደርቅ» ይባላል። አስቡት፤ አርባው ወጥቶ፣ እንግዳው ተሸኝቶ፣ ድንኳኑ ተመልሶ ቀበሌ ስትሄዱ ሕጉ የሰጠው ጊዜ አልፏል። ዘግይቶም ቢሆን ይመዘገባል፤ ግን «ለምን ዘገየ» የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ምልልስ ነው። ስለዚህ ከሐዘንተኞቹ መሀል ሳይሆን ከዳር ካሉት ዘመዶች አንዱን፣ የአክስት ልጅም ሊሆን ይችላል፣ ይህን ሥራ ስጡት። የሟችን መታወቂያ፣ ሐኪም ቤት ከሞተ የሐኪም ቤቱን ወረቀት፣ ቤቱ ከሞተ ደግሞ የዕድሩን ወይም የቀብር ቦታውን ማስረጃ ይዞ ይሂድ። መዝጋቢው ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ማኅተም ከማድረጉ በፊት «እስቲ አንዴ ላንብበው» ማለት ነውር የለውም።

ይህን የምለው በፊደል ስለተቀጣን ነው። ካርታው ላይ የአያታችን ስም የተጻፈው በ«ኃ» ነው። የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ በ«ሀ» ተጻፈ። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ላይ ደግሞ የአያት ስም ጭራሽ አልገባም። ለኛ ያው አባታችን ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ጠረጴዛ ላይ ግን ሦስት የተለያየ ሰው ሆኖ ተቀመጠ። የመሬት አስተዳደሩ ባለሙያ ካርታውንና ውሳኔውን ጎን ለጎን አድርጎ በእስክሪብቶው ጫፍ «ኃ»ን እየነካ፣ «እህቴ፣ እኔ አውቃለሁ አንድ ሰው ነው። ነገ ኦዲት መጥቶ ቢጠይቀኝ ግን ምን ብዬ እመልሳለሁ?» አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ቆይቼ ሳስበው ልክ ነበር። ተመልሰን ፍርድ ቤት አቤቱታ አስገብተን ስሙ እንዲስተካከል አስደረግን። ከእናንተ የሚጠበቀው ቀላል ነገር ነው፤ ካርታውን ኮፒ አድርጋችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በኪሳችሁ ያዙት። ቀበሌ ስትሄዱ፣ ማመልከቻ የሚጽፍላችሁ ሰው ጋ ስትቀመጡ፣ ፍርድ ቤት ስትቀርቡ «ስሙ እንደዚህ ነው የተጻፈው» ብላችሁ አሳዩ። ሁሉም ወረቀት ካርታውን ይከተል እንጂ ካርታው ማንንም አይከተልም።

ፍርድ ቤቱ ብዙ አላስቸገረንም። ምስክር ቀርቦ፣ ልጅነታችን ተረጋግጦ የወራሽነት ማስረጃ ተሰጠን። እዚህ ላይ ግን ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ነገር አለ። የወራሽነት ማስረጃ ወራሹ ማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ቤቱን አያካፍልም፤ ሚስትም በዚያ ወረቀት ላይ ከልጆች ጋር ተራ ይዛ የምትሰለፍ ወራሽ አይደለችም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች ልጆች ናቸው። የእናታችን መብት የሚመጣው ከሌላ በር፣ ከጋብቻው ነው። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የአካባቢያችሁን ጠይቁ። በአጭሩ ግማሹ መጀመሪያም የእሷ ነው፤ የሚወረሰው የቀረው ግማሽ ነው።

እኛ የወራሽነቱን ወረቀት ብቻ ይዘን ሄደን «የባለቤታቸውስ?» ተባልን። እናቴ አጠገቤ ቆማለች! የጋብቻ ማስረጃ ግን አልነበራትም፤ ያገቡት በሽማግሌና በሠርግ እንጂ በክብር መዝገብ አልነበረም። ያም ጋብቻ በሕግ ፊት ጋብቻ ነው፤ ወረቀት የለውም እንጂ። እንደገና ፍርድ ቤት፣ እንደገና ምስክር። ያኔ በሠርጉ ላይ ከነበሩት ሚዜዎች አንዱ ብቻ ነበሩ በሕይወት ያሉት፤ ጋሼ ዱላቸውን ተደግፈው መጥተው መሰከሩልን። እናትና አባታችሁ በሕይወት እያሉ የጋብቻ ማስረጃቸውን እንዲያወጡ ለምኗቸው። «በዚህ ዕድሜያችን ደግሞ ልንጋባ ነው?» ብለው ይስቁባችኋል። ይሳቁ።

አሁን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ እንግባ።

ስትገቡ በሩ አካባቢ ወይም ኮሪደሩ ላይ የተለጠፈ ትልቅ ሰሌዳ ታያላችሁ፤ የዜጎች ቻርተር ይሉታል። ማንም አያነበውም። እኔም መጀመሪያ እንደ ማስታወቂያ አየሁት። በውስጡ ግን እያንዳንዱ አገልግሎት ምን ቅድመ ሁኔታ እንደሚጠይቅ፣ በስንት ጊዜ ማለቅ እንዳለበትና የትኛው ክፍል እንደሚሰጠው ተጽፏል። ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሱት። በኋላ አንዱ «ይህን ደግሞ አምጡ» ሲላችሁ በጸብ ሳይሆን «ሰሌዳው ላይ አላየሁትም፣ አዲስ መመሪያ አለ?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። እንዲህ ስጠይቅ በራሱ የቀረልኝ ወረቀት አለ።

አገልግሎቱ የሚሄደው ባለጉዳዩ ስለሄደ አይደለም፤ የሚሄደው ማህደሩ ነው። ማመልከቻ ትጽፋላችሁ፣ መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ኃላፊው ጋ ይገባል፣ ኃላፊው በዳር በኩል ለሚመለከተው ባለሙያ ይመራዋል። ባለሙያው ማህደሩ ከመዝገብ ቤት እንዲወጣለት ይጠይቃል፤ የግብር ሁኔታውን ከገቢዎች፣ ልኬቱን ከቴክኒክ ክፍል ያጣራል፤ ከዚያ ውሳኔ ሐሳብ ጽፎ መልሶ ወደ ላይ ይልካል። በየመሀሉ ወረቀቱ አንዱ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ «የኔ ጉዳይ ምን ደረሰ?» ብላችሁ የምታገኙት መልስ «እየታየ ነው» ብቻ ነው። «ማህደሩ አሁን ማን ጋ ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ግን ስም ይነገራችኋል። ይህችን አንዲት ጥያቄ ቀድሜ ባውቃት ኖሮ ስንት ቀን ኮሪደር ላይ ከመቀመጥ በዳንኩ።

የገቢ ቁጥሯን እንደ መታወቂያ ቁጥራችሁ ያዟት። የማመልከቻውን ኮፒ አስቀርታችሁ ቁጥሩንና ቀኑን እዚያው ላይ አጽፉ። በቃል የተነገራችሁን ነገር፣ በተለይ «አይቻልም» የሚለውን፣ በደብዳቤ እንዲሰጧችሁ በትህትና ጠይቁ። ብዙ ጊዜ በቃል የማይቻል የነበረው ነገር ሲጻፍ ይቻላል፤ ፊርማና ቲተር (የስም ማኅተም) የሚያርፍበት ወረቀት ሰውን ያሳስባልና።

የኛ ማህደር ጠፍቶ ነበር። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራት፣ በካርታው ጥግ ላይ ያለውን ቁጥር በወረቀት ቁራጭ ጽፋ ገባች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የብረት መደርደሪያው እስከ ኮርኒሱ ድረስ በሲባጎ የታሰረ ክላሰር ሞልቶታል፤ ጀርባቸው ላይ በማርከር የተጻፈው ቁጥር ግማሹ ፀሐይ በልቶታል። በቦታው የለም። በነጋታውም የለም። ሌላ ሰው ቢሆን «ጠፍቷል፣ አዲስ ይከፈት» ብሎ ይገላገል ነበር፤ አዲስ ማህደር መክፈት ማለት ደግሞ የይዞታውን ታሪክ ከዜሮ ማስረዳት ነው። እሷ ግን የማህደር መውጫ መዝገቡን አውጥታ ወደ ኋላ መግለጥ ጀመረች። አባታችን ከብዙ ዓመት በፊት አጥር ለማደስ ፈቃድ ጠይቆ ኖሮ ማህደሩ ያኔ ወደ ቴክኒክ ክፍል ወጥቷል። የመለሰ ሰው ፊርማ የለም። ቴክኒክ ክፍል ሄደን ከአሮጌ የፕላን ጥቅሎች ሥር አገኘነው። አቧራውን አራግፋ ስትከፍተው የመጀመሪያው ገጽ የአባቴ የእጅ ጽሕፈት፣ ቦታ ይሰጠኝ ያለበት ማመልከቻ ነበር።

ማህደር «ጠፋ» ስትባሉ የመውጫ መዝገቡ እንዲታይ ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ አይጠፋም፤ ወጥቶ አልተመለሰም እንጂ። ሲገኝ ደግሞ እዚያው ፈቃድ ጠይቃችሁ ለጉዳዩ የሚያስፈልጉትን ገጾች ኮፒ አስደርጉ።

ገቢዎች ቀጥሎ ይመጣል። የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር፣ በተለምዶ የጣራና ግድግዳ የሚባለው፣ ከ1968 ከወጣው አዋጅ ጀምሮ ያለ ነው፤ በየዓመቱ ይከፈላል፤ የሚከፍለው ሲሞት ግን ልጅ ሁሉ ይረሳዋል። የአባታችን ደረሰኞች በአንድ ፌስታል ውስጥ ተጠቅልለው ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኙ፤ ከታመመበት ዓመት ወዲህ ያለው የለም። ውዝፉንና ቅጣቱን ከፍለን ክሊራንስ፣ የግብር ዕዳ የለባቸውም የሚለውን ወረቀት፣ ወሰድን። ክሊራንስ ካላችሁ በኋላ ነው ሌሎቹ ክፍሎች ቀና ብለው የሚያዩአችሁ፤ ስለዚህ ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት ጨርሱት። አደራ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ አትሂዱ፤ የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው፣ ሁሉም ሪፖርት ላይ ነው። ሐምሌም ግብር የሚከፍለው ነጋዴ መስኮቱን ይዞታል። በገበያ ቀንም ከየገጠሩ የመጣው ባለጉዳይ ግቢውን ስለሚሞላው ሌላ ቀን ብትመርጡ ይሻላል።

ልኬቱ ላይ ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በትንሽ ከተማ ሰርቬየሩ አንድ ወይም ሁለት ነው፤ መንገድ ሲከፈት እሱ፣ አዲስ ሠፈር ሲሸነሸን እሱ፣ ጎረቤት በወሰን ሲጣላ እሱ። «ፊልድ ወጥቷል» ሲሏችሁ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ተራችሁ ሲደርስ ቤቱ ተቆልፎ ከጠበቀው ወይም አዋሳኝ ጎረቤት ከሌለ ተመልሶ ይሄዳል፤ እንደገና ተራ ትይዛላችሁ። ቀድማችሁ አዋሳኞቹን በአካል አነጋግሩ፤ ቡና አፍልታችሁ ብትጠሯቸው ከደብዳቤ ይሻላል። በአጥሩ ጥግ የተከመረ እንጨትና ቆርቆሮ ካለ አንሱት፤ ሜትሩ የሚዘረጋው በዚያ ነው።

የኛ ግቢ ሲለካ ከካርታው ጋር አልገጠመም፤ በጓሮ በኩል አጥሩ ወደ ፍሳሽ መውረጃው ወጣ ብሏል። ከኋላ ያለው ሰርቪስ ቤትም ፕላን ላይ የለም። ታናሽ ወንድሜ «ሠላሳ ዓመት የቆመ አጥር ነው!» ብሎ ሊጮህ ሲል እጁን ያዝኩት። ሰርቬየሩ ሥራው ያለውን መለካት ነው፤ የመወሰን ሥልጣን የለውም። ከእሱ ጋር መጨቃጨቅ ሪፖርቱን ከማክረር በቀር የሚጠቅመው የለም። ወጣ ያለውን ትተን በካርታው ልክ እንዲስተናገድልን ጠየቅን። አጥሩን ለመመለስ ወጪ አወጣን፤ ግን ያቺ ቁራጭ መሬት ሙሉውን ጉዳይ አንቃ እንድትይዝ አልፈቀድንላትም። ሰው ሁሉ እንደዚህ ማድረግ አለበት አልልም፤ ማስረጃ ያለው ይከራከር። እኛ ማስረጃ አልነበረንም።

ከሁሉም ይበልጥ ግን ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ አቋራጩ ነው። ነገሩ ሲጓተት በግቢው ዙሪያ ከሚውሉት ጉዳይ አስፈጻሚ ነን ባዮች አንዱ ወደ ታላቅ ወንድሜ ጠጋ አለ። «ይህን ሁሉ ምን አደከማችሁ? እናንተ ድርሻችሁን ለአንዱ ሽጡለት፤ የሽያጭ ውል አንድ ቀን ነው፤ ካርታው በእሱ ስም ይወጣል፤ ከዚያ እርስ በርሳችሁ ትስማማላችሁ» አለው። ደክሞን ስለነበር ጥሩ ሐሳብ መሰለን። ውሉን ከሚጽፍ ሰው ጋር ሁሉ ተነጋግረን ነበር።

ያዳነችን ያቺው የመዝገብ ቤቷ እትዬ ናት። ወሬውን ሰምታ ኮሪደር ላይ አስቁማኝ፣ «ልጄ፣ ነባር ይዞታ እኮ ነው። በውርስ ሲሆንና በሽያጭ ሲሆን አንድ አይደለም፤ ውስጥ ገብተሽ ባለሙያውን ጠይቂ» አለችኝ። ጠየቅሁ። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ ውጪ በሆነ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ፣ የተላለፈለት ሰው ቦታውን በሊዝ፣ ማለትም ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በኪራይ፣ እንዲይዝ ይላል። በውርስ ሲመጣ ነባርነቱ ይቀጥላል፤ በሽያጭ ብናቀርበው ግን በእጃችን የነበረውን በገዛ ፊርማችን ወደ ሊዝ ልናስገባው ነበር። ደላላው ይህን አያውቅም ማለት ይከብደኛል። ወንድሜ ዛሬም ስሙን ስታነሱበት ፊቱ ይቀያየራል። ካርታችሁ ላይ ነባር ይሁን ሊዝ መጀመሪያ አረጋግጡ፤ በሽያጭም ሆነ በስጦታ ስም ምንም ከመፈረማችሁ በፊት መሬት አስተዳደር ገብታችሁ ያን ጊዜ የሚሠራበትን ሕግ ጠይቁ።

ውጭ ያለው ወንድማችን ውክልና የላከው በዚያው ሰሞን ነበር። ሁሉን ነገር እንድሠራለት ጠቅላላ ውክልና ነው የሰጠኝ፤ ተመለሰ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለማስተላለፍና ለመሳሰለው ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ስለዚህ ምን እንደምታደርጉለት በዝርዝር ይጻፍ፤ በውርስ ያገኘውን ድርሻ ስም ማዛወር፣ ካርታ ተቀብሎ መፈረም፣ ውርስ መከፋፈል፣ ፍርድ ቤት መቅረብ፣ ካስፈለገ መሸጥ። ኤምባሲ ካረጋገጠው በኋላ አገር ቤት ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ ማለፍም አለበት። ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ኤምባሲ ከመሄዳቸው በፊት ረቂቁን በስልክ ላኩላቸውና ማዘጋጃ ቤት አሳይታችሁ «ይህ ይበቃል?» በሉ። ለሁለተኛ ጊዜ ፈቃድ ወስዶ ሌላ ከተማ ወዳለ ኤምባሲ መጓዝ ለስደተኛ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ጊዜ ጉዳያችን ያለ ምክንያት ቆመ። ማህደሩ አንድ ባለሙያ ጋ ነው፣ ቻርተሩ ያስቀመጠው ጊዜ አልፏል፣ እሱ ቀና ብሎ አያየኝም፤ ምን እንደሚጠብቅ ገብቶኛል። አልሰጠሁም፣ አልጮህኩምም። ቅሬታ ሰሚ ክፍሉ ጋ ገብቼ በግማሽ ገጽ ጻፍኩ፤ የገቢ ቁጥሩን፣ ማህደሩ ማን ጋ ከመቼ ጀምሮ እንዳለና ሰሌዳው የሚለውን ጊዜ ብቻ። ስድብ የለም፣ ጉቦ ጠየቀኝ የሚል ቃል የለም፤ ማስረጃ የሌለኝን ነገር ብጽፍ ክርክሩ ወደዚያ ይዞር ነበር። በዚያው ሳምንት ማህደሩ ተንቀሳቀሰ። ባይንቀሳቀስ ኖሮ ቀጥሎ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነበር የማመለክተው። ይህን ቅደም ተከተል ጠብቁ፤ ታች ያለውን ዘልላችሁ ላይ ብትሄዱ መልሰው ወደ ታች ነው የሚመሩት።

ካርታው ሲወጣ በእናታችንና በአራታችን ስም ነው የወጣው። የደስታ ፊርማ ከመፈረማችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ የእያንዳንዱ ስም እስከ አያት፣ ፊደሉ፣ የቦታው ስፋት፣ የይዞታው ዓይነት ነባር ወይም ሊዝ የሚለው፣ የአዋሳኞቹ አቅጣጫ። የኔ የአያት ስም አሁንም በ«ሀ» ተጽፎ ነበር፤ እዚያው ሳንፈርም አሳየናቸውና በዚያው ቀን ተስተካክሎ ታተመ። ፈርመን ብንወጣ ኖሮ እንደገና ማመልከቻ ነበር።

ካርታው እጃችሁ ከገባ በኋላም ወዲያው ኮፒ አድርጋችሁ ለየወንድም እህቱ አድሉ፤ ዋናው አንድ ቦታ ይቀመጥ። ገቢዎች ተመለሱና የግብር መዝገቡ ላይ ያለውን ስም አስቀይሩ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ነግሮላችሁ ይሆናል ብላችሁ አትተማመኑ። ውሃና መብራት ቆጣሪውም እንዲሁ። የዚያን ዓመት ግብር ከእናንተ ማን እንደሚከፍል ተስማሙና ደረሰኙን በዚያችው የአባታችሁ ፌስታል ውስጥ አስቀምጡ።